ሰባ አምስት ዓመት ይበቃኛል ላሉት ሐኪም፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ ምላሽ

አሜሪካዊው የካንሰር ሐኪምና የሕክምና ሥነ ምግባር ምሁር ዶክተር ኢዝኪኤል ኢማኑኤል በ2014 «ዘ አትላንቲክ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በ75 ዓመቴ መሞት ነው የምፈልገው የሚል ነው። ያኔ 57 ዓመታቸው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጽሑፉ ከወጣ ቆይቷል። በቅርቡ ግን አንድ ወዳጄ አሳጥሮ በአማርኛ ጻፈውና በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «እውነታቸውን ነው!» ብሎ ጨምሮበታል። ወዳጄ ገና 40 እንኳ አልሞላውም።

መጀመሪያ የሐኪሙን ሐሳብ በትክክል ላስቀምጥ። ራሴን አጠፋለሁ አላሉም። ሐኪም የታማሚን ሕይወት እንዲያሳጥር የሚፈቅድ ሕግንም ይቃወማሉ። ሌላው ሰው ረጅም ዕድሜ ቢመኝ አልነቅፍም ብለዋል። የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ነው። ከ75 በኋላ ዕድሜዬን ለማራዘም ብቻ የሚሰጥ ሕክምና አልፈልግም ይላሉ። የካንሰር ምርመራ የለም። የልብ ቀዶ ጥገና የለም። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የለም። የሳንባ ምች ቢይዛቸው አንቲባዮቲክ እንኳ አይወስዱም። ሕመም ማስታገሻ ብቻ። ምክንያታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሞት ጉዳት ነው፣ ከልክ ያለፈ ዕድሜም ጉዳት ነው። ሰውነት ይደክማል፣ የመፍጠር አቅም ይሟጠጣል፣ ልጆች በወላጅ ጥላ ሥር ይቀራሉ፣ ሰውም የሚያስታውሰን ደክመን ያየንን ጊዜ ይሆናል።

በደንብ የታሰበበት ጽሑፍ ነው፤ እውነትም አለው። ድምዳሜውን ግን አልቀበለውም። እኛ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ጉዳት ያመጣል ብዬ እሰጋለሁ። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። እናቴ ዕድሜዋን በትክክል አታውቅም። «ጣልያን ከወጣ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ዓመት» ነው የምትለው። ጣልያን የወጣው በ1941 ስለሆነ ሰማንያ አካባቢ ናት ማለት ነው። የድሬዳዋ እኩዮቿም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ዕድሜውን በባቡር ሥራው ይቆጥራል፣ ሌላው በ1977ቱ የሶማሊያ ጦርነት። በአገር አቀፍ ደረጃ ልደትና ሞትን መመዝገብ የተጀመረው በ2016 ነው። ስለዚህ 75 ሲሞላ የሚባለው ቀን ለብዙዎቹ ሽማግሌዎቻችን መቼ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ወዳጄ ሌላም ክርክር አንስቶብኛል። «የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 65 ነው፤ ለእኛማ 75 ትርፍ ነው» አለኝ። አማካዩ 65 አካባቢ መሆኑ ልክ ነው። በ1990 ደግሞ 47 ገደማ ነበር። ግን አማካዩን ወደ ታች የሚጎትቱት በዋናነት በሕፃንነታቸው የምንቀብራቸው ልጆች ናቸው። እዚህ አገር 60 የደረሰ ሰው በአማካይ ሌላ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ትርፍ የሚባል ዕድሜ የለም አቦ።

ከጽሑፉ ሁሉ ውስጤ የቀረው ግን ስለ አባታቸው የጻፉት ነው። አባታቸው የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። 77 ሊሞላቸው ሲል ልባቸውን ታመሙና ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆኑም። እርምጃቸው ቀዘቀዘ፣ ንግግራቸው ቀዘቀዘ። ቢሆንም ጽሑፉ ሲወጣ ይዋኙ፣ ጋዜጣ ያነቡ፣ ከባለቤታቸው ጋር በገዛ ቤታቸው ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ግን ይህ ሞቅ ያለ ሕይወት ነው ሊባል አይችልም ይላሉ። አባትየው ራሳቸው ምን አሉ? መቀዛቀዛቸውን አመኑ፤ ደስተኛ ነኝም አሉ። ይህን የምናገኘው እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። እዚያ ዕድሜ ላይ የነበሩት አባትየው ናቸው። ደስ ብሎኛል እያሉ ነበር። ታዲያ ከሩቅ የሚያየው ልጅ ፍርድ በምን ሚዛን ይበልጣል? የጽሑፉ ትልቁ ችግር ለእኔ ይህ ነው። በ57 ዓመት ላይ ያለ ሰው ስለ 75 ዓመቱ ሰው ይወስናል። ያ ሰው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው የተለየ ነው።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2009 ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ከ65 ዓመት በታች ካሉት 57 ከመቶው ሲያረጁ መርሳት እንደሚያስቸግራቸው ገምተዋል። 65 ካለፉት ውስጥ ችግሩ ደረሰብኝ ያሉት 25 ከመቶ ናቸው። ወጣቶቹ ብቸኝነትን ፈርተዋል፣ 29 ከመቶ። የደረሰባቸው 17 ከመቶ ናቸው። ሸክም እሆናለሁ ብለው የሰጉት 24 ከመቶ ሲሆኑ፣ ሸክም ሆኛለሁ የሚል ስሜት ያላቸው ሽማግሌዎች 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 75 ካለፉት ውስጥ እንኳ አርጅቻለሁ የሚል ስሜት ያላቸው 35 ከመቶ ነበሩ። ያው ማዕከል በ2013 ሰዎችን ስንት ዓመት መኖር ትፈልጋላችሁ ብሎ ሲጠይቅ የመልሶቹ መካከለኛ 90 ሆኖ ተገኘ። እስከ 120 የሚያኖር ሕክምና ቢመጣ 56 ከመቶው አንፈልግም አሉ። ሰው እንደሚባለው ስግብግብ አይደለም። ዘላለም ልኑር አላለም። ልጆቼን ልይ፣ የልጅ ልጅ ልሳም፣ ከዚያ በጊዜዬ ልሂድ ነው ያለው። የእኛም ምርቃት «ለልጅ ልጅ ያብቃህ» አይደል?

እነዚህ የአሜሪካ ቁጥሮች ናቸው። ይዣቸው እርጅና ድሬዳዋም ጣፋጭ ነው ልል አልችልም። በ2015 ላንሴት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የሰዎች የሕይወት እርካታ በሁሉም ዕድሜ ዝቅተኛ እንደሆነና በእርጅናም ብዙ እንደማይሻሻል አሳይቷል። ኑሮው ነው። ጥፋቱ ግን የዓመቱ ብዛት ሳይሆን ዓመቱ የሚኖርበት ሁኔታ ነው።

ስለ እርጅና ክፉ ክፉውን ማውራት ራሱ ጉዳት እንዳለው የሚያሳይም ጥናት አለ። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ በኦሃዮ 50 ዓመት ያለፋቸውን 660 ሰዎች መረጃ መርምረው ውጤቱን በ2002 አወጡ። ስለ ራሳቸው እርጅና በጎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች ከሌሎቹ በአማካይ ሰባት ዓመት ተኩል በላይ ኖረዋል። 40 እንኳ ያልሞላው ወዳጄ «እውነታቸውን ነው!» ሲል ነገ ስለሚሆነው ስለ ራሱ እየፈረደ ነው።

ቀጣዩ ነጥባቸው የመፍጠር አቅም ነው። የሰው ልጅ ትልልቅ ሥራውን የሚሠራው በ40ዎቹ ውስጥ ነው፤ በ75 ለአብዛኛው ሰው አልቆለታል ይላሉ። ጥናት ጠቅሰዋል፣ በአማካይም ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እንደ እሳቸው ሐኪም የሆነች አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1924 ተወልዳ በ1959 ኢትዮጵያ መጣች። በ1999 75 ሞላት። በዚያው ዓመት ይበቃኛል ብትል ኖሮ ምን እናጣ ነበር? በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ያሉት የፊስቱላ (በከባድ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት መቋጠር የሚከለክል ጉዳት) ማዕከሎቿ የተከፈቱት ከ2005 ጀምሮ ነው፤ ያኔ 80 አልፏታል። የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጁ የተከፈተው በ2007 በ83 ዓመቷ ነው። ሐረር ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ከዚህ ምሥራቅ አካባቢ ሽንት አልቆም ብሏት፣ ከሰው ተገልላ የኖረች ሴት ዛሬ አዲስ አበባ ድረስ ሳትጓዝ እዚያ ትታከማለች። ሃምሊን በ2020 በ96 ዓመቷ አረፈች።

ሃምሊን ልዩ ሰው ነበረች ይሉኝ ይሆናል። ሐኪሙም ልዩ ሰዎች አሉ ብለዋል። እሺ፣ ልዩ ያልሆነ ሰው ላምጣ።

አጎቴ 78 ዓመቱ ነው። ከምድር ባቡር ጋራዥ ጡረታ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሚኖረው ከዚራ ሰፈር ነው። እግሩ አልታዘዝ ካለው ቆይቷል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተን እናስቀምጠዋለን። ባለፈው ዓመት የሟች ጓደኛው ሁለት ልጆች ሳቢያን ሰፈር ባለው የአባታቸው ቤት ምክንያት ተጣሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ሆነ። ድሮ ቢሆን አጎቴ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እየተመላለሰ ነበር የሚያስታርቀው። አሁን መሄድ አይችልም። «ይምጡ» ብሎ ላከባቸው። መጡ። በረንዳው ላይ ከአጎቴ ወንበር ሌላ ያለው አንድ አጠር ያለ አግዳሚ ብቻ ነው። ለወራት ሳይነጋገሩ የቆዩት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አቦ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጡ» አላቸው።

ትልቁ ልጅ ወረቀት አውጥቶ ማስረዳት ጀመረ። አጎቴ ወረቀቱን አልተቀበለውም። ቤቱ ሲገዛ አባታቸው የተበደረውን ገንዘብ፣ ከማን እንደተበደረ፣ ብድሩን እናታቸው ምግብ እየሸጠች እንዴት እንደከፈለች ነገራቸው። «ዋሱ እኔ ነበርኩ» አለ። ልጆቹ ይህን ሰምተው አያውቁም። ለካ ሁለቱም የአባታችን ቤት የሚሉት የእናታቸው ላብ ነው። እናትየው ደግሞ በሕይወት አለች፤ አንዳቸውም አልጠየቋትም ነበር። ነገሩ በአንድ ምሽት አላለቀም። መጨረሻ ላይ ግን ታናሽየው ጎንበስ ብሎ የአጎቴን ጉልበት ሳመ። ቤቱም እናታቸው እስካለች እንዳይሸጥ ተስማሙ።

ይህ በየትኛው የፈጠራ መለኪያ ይመዘገባል? ሐኪሙ ሽማግሌዎች ወጣቶችን ሲያማክሩ ትልቅ ዋጋ አለው ብለዋል፤ ግን ያንንም የምኞት መጥበብ ምልክት አድርገው ነው ያዩት። ምኞቱ ሰፊ የነበረው የ40 ዓመቱ አጎቴ ያን ነገር ሊያደርገው አይችልም ነበር። ሥልጣን የሰጠው ዕድሜው ነው፤ ዋስ የነበረ፣ ያየ፣ እስከዛሬ የቆየ ሰው መሆኑ ነው።

አሁን እሳቸው ልክ ወደሆኑበት ልሂድ። ዕድሜያችን ሲረዝም የሕመም ዓመታችንም አብሮ ይረዝማል ይላሉ። እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 ያወጣው ስሌት የሰው አማካይ ዕድሜ 73 ገደማ፣ በጤና የሚኖረው ግን 64 ገደማ መሆኑን ያሳያል። የዘጠኝ ዓመቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። እሳቸው የፈሩትን እኛም እንፈራለን። እናቴ ማታ ስትጸልይ «አልጋ ላይ ሳትጥለኝ ውሰደኝ» ትላለች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አላህ ከክፉው የዕድሜ ክፍል እንዲጠብቃቸው ዱዓ ያደርጋሉ። ዳዊትም በእርጅናዬ ጊዜ አትጣለኝ ብሎ ለምኗል። ልመናውን ልብ በሉ። ቀን ቁረጥልኝ የሚል የለበትም። አትጣለኝ ነው።

ደግሞም ክፉው ክፍል የማይነካ ነገር አይደለም። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነዋሪዎችን ከ1948 ጀምሮ የሚከታተል ጥናት አለ። የሐኪሙ ጽሑፍ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ አዳዲስ የመርሳት በሽታ ተጠቂዎች መጠን በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 20 ከመቶ እየቀነሰ መምጣቱን አሳየ። መቀነሱ የታየው ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ በጨረሱት ላይ ነው። የልብና የደም ሥር ጤናቸውም በዚያው ጊዜ ተሻሽሎ ነበር። ትምህርትና የደም ግፊት ክትትል ድርሻ ያላቸው ይመስላል። ሁለቱም በሰው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ሸክም ስለመሆን የጻፉትን ግን እንደ ቀላል ነገር አላልፈውም። አረጋዊ መጦር ሸክም አይደለም የሚል ሰው ሌሊቱን አላየም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ እንዴት እንደምትሞቅ የሚያውቅ ያውቃል። መብራት ይጠፋል፣ ማራገቢያው ይቆማል፣ እናቴ ትታፈናለች። ፎጣ አርጥቤ አንገቷ ላይ አደርጋለሁ። ሽንት ቤት ለመውሰድ ስደግፋት ወገቤ ይሰማኛል። ወንድሞቼ ውጭ አገር ናቸው፤ ገንዘብ ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሌሊቱን ግን በሐዋላ መላክ አይቻልም። በየቤቱ ይህን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ሥራዋን የተወች፣ ትዳሯ የዘገየባት አለች። ሐኪሙ ስለ ልጆች ሲጽፉ እውነት አላቸው፣ ጭካኔም የለባቸውም፤ ልባቸው ለልጆቹ አዝኗል።

መፍትሔው ነው የማያስማማን። ወላጅ በ75 ቢሄድ ልጅ ከጥላው ወጥቶ የራሱን ሕይወት ይኖራል ይላሉ። እኔ ከእናቴ ጥላ መውጣት አልፈልግም። የምፈልገው ሌሊቱን የሚጋራኝ ሰው ነው። እዚህ አገር ልጅ ጧሪ የሆነው በባህል ብቻ አይደለም፤ ሌላ የጡረታ ዋስትና ስላልነበረም ጭምር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ ጡረታ እንዲኖረው የተደረገው በ2011 በወጣው አዋጅ ነው። አሸዋ ገበያ ላይ ጨርቅ ዘርግታ የምትሸጠው፣ ጫት የምትቸረችረው፣ ባጃጅ የሚነዳው ዛሬም በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ናቸው። ጡረታቸው ልጃቸው ነው።

እድሮቻችንስ? ሰው ሲሞት ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ይመጣል። ሐረር ያለው አፎቻም (እድር መሰል የሐረሪዎች ማኅበር) በሐዘንና በሠርግ ጊዜ ሰውን አይለየውም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአረጋውያን ድጋፍ ማድረግ የጀመሩ እድሮች አሉ። የእኛ ሰፈር እድርም በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ የሚገባ ሰው ቢመድብ፣ ከቀብሩ ድንኳን ይልቅ ለእናቴ የሚጠቅማት እሱ ነበር። ስብሰባ ላይ አንስቼዋለሁ፤ እስኪሳካ አነሳዋለሁ።

ጉዳት ያመጣል ብዬ የሰጋሁት ደግሞ ሕክምና እምቢ ስለማለት ያሉት ነው። እሳቸው እምቢ የሚሉት ሁሉ ነገር በሞላበት አገር ሆነው ነው። ሰው ያለውን ነገር አልፈልግም ማለት ይችላል። እዚህ ግን ለሽማግሌዎቻችን እምቢ የምንለው እኛ ነን፣ ሳንጠይቃቸው። «ዕድሜ ነው» እንላለን። ጉልበቷን ሲያማት ዕድሜ ነው። ራሷን ሲያዞራት ዕድሜ ነው። ዓይኗ ሲጠፋ ዕድሜ ነው።

በ2005 እና 2006 በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ገንደ ቆሬ ያሉት አክስቴ ለዓመታት በግድግዳ እየተደገፉ ነበር የሚሄዱት። ቤተሰቡ ሁሉ «በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግላቸዋል» ይል ነበር። በመጨረሻ ተሠራላቸው። ፋሻው በተነሣ ማግሥት ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያዩት ምድጃው አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነው። «ይሄ ጥላሸት መቼ ነው የተጠራቀመው? እንዲህ ሆኖ ነው እንግዳ የምትቀበሉት?» ብለው ተቆጡን። በዚያው ቀን እያዘዙ አስጠረጉን። 75 ካለፋቸው ቆይቷል። ያን ግማሽ ሰዓት ማን ይከለክላቸዋል?

እናቴን ለደም ግፊት ወደ አንድ ጤና ተቋም ስወስዳትም አንድ ነገር አይቻለሁ። ባለሙያው እሷን ትቶ እኔን ነው የጠየቀኝ። «ስንት ዓመቷ ነው? ምን ይሰማታል?» እናቴ ቀና አለችና «ልጄ፣ እኔ እዚሁ አለሁ እኮ» አለችው። ደንገጥ ብሎ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ከዚያ በኋላ ያወሩት እነሱ ናቸው። ክኒኑን ስንት ሰዓት እንደምትወስደው፣ ጨው መቀነስ እንዳለባት፣ ሲያዞራት ምን እንደምታደርግ። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። እናቴ አንድ ቀን ሕክምና ይብቃኝ ብትል እቀበላታለሁ። ሰው ስለ ገላው የመወሰን መብት አለው፤ በዚህ ከሐኪሙ ጋር እስማማለሁ። ግን የምትወስነው እሷ ናት፣ በዚያን ጊዜ፣ በዚያን ቀን ሁኔታዋ።

ሰው እንዴት ያስታውሰኛል የሚለውን ጭንቀታቸውን ባጭሩ ልለፈው። አያቴን የማስታውሳት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጎብጣ ነው፤ ጠንካራዋን አያቴን አላየኋትም፣ አልተወለድኩም ነበር። ብዙዎቻችን አያቶቻችንን የምናውቃቸው እንዲሁ ነው። በዚያ ፍቅራችን አልጎደለም።

ሐኪሙ ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ ሐሳቤን የመለወጥ መብቴ የተጠበቀ ነው ብለዋል። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ወዳጄ በላከልኝ አጭር ቅጂ ላይ ግን የለም፤ ቆርጦታል። መልሼ ላኩለት። ዶክተር ኢማኑኤል የተወለዱት በ1957 ነው፤ 75 የሚሞላቸው በ2032 ነው። ያኔ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። እኔ ቢለውጡ ደስ ይለኛል።